ኤርፖርቱ ባደገ ቁጥር የሚርቁት ሸኚ

ኤርፖርት እኛን የኮልፌን ሰዎች አይወደንም። ይህን የምለው ሆድ ብሶኝ ሳይሆን ማስረጃ ይዤ ነው። ድሮ፣ አውሮፕላን እንደ ዛሬው ሳይበዛ፣ የአዲስ አበባ ኤርፖርት እዚሁ ልደታ ማዶ ነበር፤ ሰፈሩ ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል። ከኮልፌ ተነስቶ ጫማውን ሳያቆሽሽ በእግሩ የሚደርስ ሰው ነበር ይላሉ ታላላቆቻችን። ከዚያ ኤርፖርቱ አደገ ተባለና ቦሌ ገባ። ቦሌ ለእኛ የከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። እሺ ብለን፣ ሁለት ታክሲ እየቀያየርን ለመድነው። አሁን ደግሞ ቦሌም ጠበበኝ ብሎ ወደ ቢሾፍቱ በኩል አዲስ እየተሠራለት ነው። በዚህ አያያዙ ከቀጠለ የልጅ ልጆቻችን አውሮፕላን ለመሳፈር መጀመሪያ አውሮፕላን መሳፈር ሊኖርባቸው ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ኮልፌ ምን በደለችው?

አንዳንዶቻችሁ «አይ አንተ ሰውዬ! ኤርፖርት የሚያድገው አገር ሲያድግ አይደል? ደስ ይበልህ እንጂ!» ትሉኝ ይሆናል። ደስማ ብሎኛል፤ ደስታዬን ታክሲ ስጠብቅ እጨርሰዋለሁ እንጂ። ደግሞ የዕድገት ነገር ቆመው እንደሚያዩበት ቦታ ይለያያል። የሙያው ሰዎች ኤርፖርትን የሚለኩት በማኮብኮቢያው ርዝመትና በመንገደኛው ብዛት ነው አሉ። በእኛ ሰፈር ግን የኤርፖርትን ታሪክ ከእነሱ አስበልጠው የሚያውቁ አንድ ሰው አሉ፤ እሳቸው የሚለኩት ሸኚው በሚቆምበት ቦታ ነው።

ጋሽ መኩሪያ ይባላሉ። ሰባን ያለፉ አናጺ ናቸው፤ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ዝቅ ብሎ የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። ቁም ሣጥን ይሠራሉ፣ አልጋ ይሠራሉ፣ ዋና ሙያቸው ግን ሰው መሸኘት ነው። ከሰፈራችን ቪዛ የተመታለት ሰው ካለ ከእናቱ ቀጥሎ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። እንዲያውም አንዳንዴ እናትየው ከእሳቸው ትሰማለች።

ታሪኩን ሲተርኩት እንዲህ ነው። «መጀመሪያ ሽቦ አጥር ነበር። ከአጥሩ ሥር ቆመህ የመንገደኛህን የኮት ቁልፍ ትቆጥራለህ። ቀጥሎ ሰገነት መጣ፤ ከላይ ሆነህ መሐረብ ስታውለበልብ እሱም ከደረጃው ላይ ያውለበልብልሃል። ከዚያ መስታወት አደረጉብን፤ ታያለህ እንጂ አትሰማም። ከዚያ ደግሞ በር ላይ ቅሩ አሉን። አሁን እንግዲህ ከበሩም ወደ መኪና ማቆሚያው እየገፉን ነው። የቢሾፍቱው ሲያልቅ ከየሳሎናችን ሆነን ነው የምንሸኘው።» ይህን ብለው መሮአቸውን ያነሳሉ። መማረር እንዳይመስላችሁ፤ እያንዳንዱን ደረጃ የኖሩት ሰው ኩራት ነው።

ሽኝት በጋሽ መኩሪያ ዘንድ ደንብ አለው። መንገደኛው ከእናቱ አጠገብ አይቀመጥም፣ ሆዱ ይባባል። ሜክሲኮ አደባባይ ሳይታለፍ ማልቀስ ክልክል ነው። መንገደኛው በሩን ሲገባ ዞር ብሎ ካየ ሸኚው ሁሉ ጥርሱን ማሳየት አለበት፣ የታመመ ጥርስም ቢሆን። እሱ ከዓይን እስኪጠፋ ማንም ንቅንቅ አይልም። ከጠፋ በኋላ ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «በሉ እንሂድ፣ መንገዱ ሳይዘጋጋ» ይላሉ። ያኔ ሁላችንም ሚኒባሳችን ውስጥ እንገባለን፤ እሳቸው ጋቢና ይቀመጣሉ። ለምን ያህል ዓመት እንዲህ እንዳደረጉ እሳቸውም አያውቁትም። ራሳቸው ግን አንድም ቀን አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የጋሽ መኩሪያ ወንድም በሞት ሲለዩ ብሩክ የሚባል ልጅ ትተው ነበር። ጋሽ መኩሪያና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እንደ ልጃቸው አሳደጉት፤ ተምሮ ድሬዳዋ ሥራ ያዘ። እዚያም ፌቨን የምትባል ልጅ ወደደ። መውደድ ብቻውን ምን አለው? ክፋቱ ልጅቷ አባት አላት። አቶ ተሾመ ይባላሉ፣ በድሮው ባቡር ዘመን የጣቢያ ኃላፊ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ምሳቸውን ደቂቃ ሳያዛንፉ የሚበሉ ሰው ናቸው። ባቡሩ ቆመ፣ ሐዲዱ ዛገ፣ የእሳቸው ሰዓት ግን አልቆመም።

መጀመሪያ ሽማግሌ ስንላክ ጋሽ መኩሪያ ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር ቀሩ። እኔ፣ የንስሐ አባታቸው መምሬ ጥላሁንና አንድ ሌላ ጎረቤት በአውቶቡስ ሄድን። ቀጠሮው ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ እኛ የደረስነው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ነው። አቶ ተሾመ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ እንደገና ሰዓታቸውን አዩ። «ያሳደገው አጎቱ የለም፣ ሰዓትም የለም» አሉ። «ልጄን ለማን ነው የምሰጠው? ሌላ ቀን አጎቱ ራሱ ይምጣ፣ በሰዓቱም ይምጣ። ሦስተኛ ቀጠሮ ግን አልሰጥም።» የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፤ መምሬን እንኳ «በርታ አባ» ብለው ነው የሸኙን።

ብሩክ ያን ሰሞን ስልክ ደውሎ አለቀሰ። «ጋሼ፣ እሷን ካጣሁ እኔ አበቃልኝ» አላቸው። ጋሽ መኩሪያ ስልኩን ዘግተው «በአውሮፕላን እሄዳለሁ» አሉ። ሰፈሩ ተገለበጠ ብላችሁ እመኑኝ። ጋሽ መኩሪያ ሊበሩ ነው!

ሽማግሌ ሦስት ነው፤ እሳቸው፣ መምሬና እኔ። ብሩክ ቲኬቱን ቆርጦ ላከ። መምህር ስለነበርኩ የጸሐፊነቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ፤ የሦስታችንን መታወቂያና ቲኬት ያዝኩ። የጋሽ መኩሪያን ስልክም «ፍተሻው ላይ እንዳይረሱት» ብዬ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ለስልኩ ተጨንቄ ነበር ስላችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በልማዳችን ሚኒባስ ተኮናተርን። ጋሽ መኩሪያ ከሁላችንም ቀድመው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሰውን በየቦታው ደለደሉ። መምሬን መስኮት አጠገብ፣ እኔን ከእትዬ አስካለ ራቅ አድርገው። ሜክሲኮ ሳንደርስ ዓይኗ እንባ ያቀረረ አንዲት ጎረቤት ነበረች፤ ከጋቢና በመስታወት አይተው «ገና ነው!» አሏት፤ እንባዋን መለሰችው። ቦሌ ስንደርስ ዘልለው ወርደው ጋሪ አመጡ፣ ሻንጣዎቹን በልክ በልካቸው ደረደሩ፣ እየገፉ በሩ ድረስ ወሰዱን። ሰውየው ሥራቸው ላይ ነበሩ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲሠራ ማየት ደግሞ ደስ ይላል፤ አፌን ከፍቼ ነበር የማያቸው።

በሩ ጋ ሲደርሱ የመምሬን መስቀል ተሳለሙ፣ ጉንጫቸውንም ሳሙ። ቀጥለው እኔን ሦስቴ ሳሙኝ። «በሉ በሰላም ግቡ» አሉ ድምፃቸው ትንሽ ሰለል ብሎ። «እንደ ደረሳችሁ ደውሉ።»

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «አሜን ጋሼ፣ በደህና ያገናኘን» አልኳቸዋ! ሠላሳ ዓመት ልጅ ያስተማርኩ ሰው ነኝ እኮ። መምሬም አማትበው ባረኳቸው። ከኋላ የቆሙትም ሸኚዎች እንደ ደንቡ ጥርሳቸውን አሳዩን። እንግዲህ ፍረዱን፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «እንዴ!» አላለም።

ገባን። ቀበቶ ፍታ፣ ጫማ አውልቅ፣ ሱሪህን ያዝ፤ የፍተሻውን ነገር ታውቁታላችሁ። የመመዝገቢያው መስኮት ጋ ደርሰን ሦስቱን መታወቂያ ዘረጋሁ። መዝጋቢዋ ልጅ ፈገግ ብላ «ሦስተኛው መንገደኛስ?» አለችኝ። «ይኸው» ብዬ ዞር ስል ከኋላዬ የቆመው የማላውቀው ወፍራም ነጋዴ ነው። ክው አልኩ። ለጋሽ መኩሪያ ስደውል የገዛ ኪሴ ጮኸ። ለእትዬ አስካለ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ጋሽ መኩሪያ የት ናቸው?»

«እዚሁ ናቸው። ምነው፣ በደህና?»

«እዚሁ የት?»

«ጋቢና ነዋ! ሾፌሩን በሜክሲኮ እንዳትገባ እያሉት ነው።»

«እትዬ አስካለ፣ ጋሽ መኩሪያ እኮ መንገደኛ ናቸው!»

መጀመሪያ አንድ «ውይ!» ሰማሁ። ከዚያ ሚኒባሱ በሙሉ «ውይ!» አለ። ከመሃል የጋሽ መኩሪያ የተረጋጋ ድምፅ መጣ፤ «ምንድን ነው? ማን ቀረ?»

ዞረው መጡ፣ መንገዱ ግን እሳቸው ሁልጊዜ እንደሚሉት ተዘጋግቶ ነበር። እነሱ በሩ ላይ ሲደርሱ የበረራው መዝገብ ተዘግቷል። እኔና መምሬ ወይ መሄድ ወይ መቅረት ነበረብን። ሦስተኛ ቀጠሮ የለም ተብሏል፤ ሄድን።

አውሮፕላኑ ውስጥ ደመናም ተራራም አላየሁም፤ ውሸት ስሠራ ነበርኩ። ደም ግፊታቸው ተነሳ ልበል? ጉልበታቸው ልበል? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፣ የአንድ ሰዓት በረራ ግን ለማቅለል አይበቃም። መምሬን አማከርኳቸው። «አንተ ተናገር ልጄ፣ እኔ ወለሉን አያለሁ» አሉኝ።

ድሬ ስንወርድ ብሩክ ክራቫት አስሮ መውጫው ላይ ቆሟል። እኔን አቀፈኝ፣ መምሬን አቀፋቸው፣ ከዚያ ትከሻችንን አልፎ በሩን ያይ ጀመር። የመጨረሻው መንገደኛ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ እንኳ ዓይኑን አልነቀለም። በዚያ ሙቀት የማስታውሰው ያን የልጅ ፊት ብቻ ነው።

አቶ ተሾመ ቤት የገባነው ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓታቸውን አይተው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ተቀመጡ» አሉ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን እንደ ወጉ። ከዚያ እሳቸውም እንደ ብሩክ በሩን አዩ።

«አጎቱስ?»

አፌን ለደም ግፊቱ ከፈትኩ። መምሬ ወለሉን አዩ። በጓዳው በኩል የአንዲት ልጅ ጥላ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከአፌ የወጣው እውነቱ ሆነ። ሚኒባሱን፣ ጋሪውን፣ መሳሳማችንን፣ «አሜን» ማለቴን፣ ጋቢናውን፣ ሁሉን ዘረገፍኩት። እንደሚያባርሩን እርግጠኛ ነበርኩ።

አቶ ተሾመ ግን መነጽራቸውን አወለቁና «እሱንስ ማን ሸኘው?» አሉኝ።

«ይቅርታ?»

«እናንተን እሱ ሸኘ። እሱን ማን ሸኘው? ማን ሳመው? ማን በሰላም ግባ አለው?»

መምሬን አየሁ፣ መምሬም እኔን አዩኝ። ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይዘን ሄደን ጋሽ መኩሪያን የሳመ አልነበረም። ሁላችንም ጉንጫችንን አቅርበን ነበር እንጂ። አፈርኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

«እኔ ባቡር ጣቢያ ያረጀሁ ሰው ነኝ» አሉ አቶ ተሾመ። «ሸኚ የሌለው መንገደኛ ቲኬቱን ይዞም ይቀራል። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ወዲያና ወዲህ ያያል፤ እግሩ እሺ አይለውም። እንዲህ ያለውን ሳይ ፊሽካ ከመንፋቴ በፊት ሄጄ በሰላም ግባ እለው ነበር። ያኔ ዘልሎ ይገባል።» ከዚያ ሰዓታቸውን እንደገና አዩ። «ቃሌን እበላለሁ። ሦስተኛ ቀጠሮ ሰጥቻችኋለሁ፣ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ሰውየውን በደንብ ሸኝታችሁ ላኩልኝ። ሳትሸኙት ብትመጡ ግን ልጄን እንደዚያው ዝም ብላችሁ የምትተዉአት ሰዎች ናችሁ ማለት ነው፤ አልሰጥም።»

ኮልፌ ስመለስ ጋሽ መኩሪያ የሥራ ቤታቸውን በር ከውስጥ ዘግተው አገኘኋቸው። ሰው አፍረዋል። ማዞሪያው ላይ ያሉ ጎረምሶች «ጋሼ፣ ዛሬ ራስዎን አልሸኙም?» እያሉ ሲያሾፉባቸው ሰንብተዋል። ከብዙ ማንኳኳት በኋላ ከፈቱልኝ። «የልጁን ዕድል በገዛ እጄ ዘጋሁት መምህር» አሉኝ። «ሌላ ሰው ይሂድ። እኔ ለመሄድ አልተፈጠርኩም።»

የአቶ ተሾመን ጥያቄ ነገርኳቸው። «እኔንማ ምን ሸኚ ያስፈልገኛል» አሉ መላጊያቸውን እየገፉ፣ «በሩን አውቀዋለሁ።» ሁለት ጊዜ ያህል ገፉና እጃቸው ቆመ። መላጊያውን አስቀምጠው በእጃቸው እንጨቱን ዳበሱት። «አንድ ሰው እንኳ ኮቴን ጎተት ቢያደርገኝ ኖሮ ትዝ ይለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሚኒባስ ሞላን። ያሾፉት ጎረምሶች ሳይቀሩ መጡ። ጋሽ መኩሪያ ጋቢና ሊገቡ ሲሉ እትዬ አስካለ ኮታቸውን ይዘው ወደ ኋላ አስገቧቸው። «እርስዎ ዛሬ መንገደኛ ነዎት፣ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ!» እትዬ አስካለ ገና ጦር ኃይሎች ሳንደርስ ማልቀስ ጀመሩ፤ የሚቆጣቸው አልነበረም። ቦሌ ላይ ጋሪውን ሌላ ሰው ገፋ፤ ሻንጣውን አጣሞ ጫነው፣ ጋሽ መኩሪያ ጥርሳቸውን ነክሰው አሳለፉት። ከዚያ ሁሉም ተሰልፎ ሳማቸው። አቤት አሳሳም! መጨረሻ ላይ እትዬ አስካለ ክራቫታቸውን አስተካክለው «በሰላም ይግቡ» አሏቸው። ጋሽ መኩሪያ ዞር ብለው ሳያዩ ገቡ። እኔና መምሬ ግን እንዳያመልጡን በግራና በቀኝ ይዘናቸው ነበር።

ድሬ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ደረስን። አቶ ተሾመ ጋሽ መኩሪያን ከላይ እስከ ታች አዩና «ሸኙህ?» አሏቸው። «ሸኙኝ» አሉ ጋሽ መኩሪያ። ከዚያ በኋላ ብዙ የሚባል አልነበረም። ፌቨን ተሰጠች። ብሩክ የሁለቱንም ጉልበት ስሞ ሲነሳ ክራቫቱ ጀርባው ላይ ነበር፤ የሠርጉም ቀን እዚያው ተቆረጠ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር፤ ግን ሽማግሌ አይዋሽም። በማግሥቱ አቶ ተሾመ ኤርፖርት ድረስ ሊሸኙን መጡ። እኔና መምሬ ተሰናብተን ገባን። ጋሽ መኩሪያና አቶ ተሾመ በሩ ላይ ቀሩ። ጋሽ መኩሪያ እርስዎ ቀድመው ካልሄዱ አልገባም ይላሉ፤ የተሰናበተ ሰው ከዓይን ሳይጠፋ ፊት አይዞርበትም። አቶ ተሾመ አንተ ሳትገባ አልሄድም ይላሉ፤ የባቡሩ ጅራት ሳይሰወር ጣቢያውን ጥሎ የሄደ ኃላፊ የለም። አንዱ «ይሂዱ» ሲል ሌላው «ግባ» ይላል። ይሳሳማሉ፣ አይለያዩም። በመስታወቱ በምልክት ጠራሁ፣ ለፈፍኩ፣ መምሬን ላክሁ፣ ወይ ፍንክች! እኔና መምሬ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ጋሽ መኩሪያ በረርን።

አቶ ተሾመ ወደ ቤት ወስደው አሳደሯቸውና በማግሥቱ በአዲሱ ባቡር አሳፈሯቸው። ባቡር ደግሞ ሸኚ ቢቆምም ባይቆምም ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ለቡ ጣቢያ ልንቀበላቸው ሰፈሩ በሙሉ ወጣ፤ እትዬ አስካለ አበባ ይዘዋል። ጋሽ መኩሪያ ሻንጣቸውን ይዘው ከፉርጎው ወረዱ። እኛን ሲያዩ ፊታቸው በራ፣ ፈጠን ብለው መጥተው ከመሃላችን ገብተው ቆሙ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውንም እንደ እኛ ወደ ባቡሩ አዞሩ።

«ይኼ ሁሉ ሰው!» አሉኝ በጆሮዬ። «ማን ነው የመጣው?»